የገጨውንም የሚያድን ትራስ

ድሬዳዋ ውስጥ የመንገድ ሥራ የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ጥላ የለም። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ወደ ከተማው ስትቃረቡ ዛፉ እየሳሳ ይሄድና አስፋልቱ ብቻውን ይቀራል፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ሬንጅ። ስለዚህ ሠራተኛ እረፍት ሲያገኝ የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ የቆመ ገልባጭ ሥር። ጎማውን ተደግፎ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ፣ የውሃ ጄሪካኑን ከጎኑ አድርጎ ጋደም ይላል። እኔም ስንቴ ተቀምጬበታለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የጥገና ሥራ ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ግን የድሬ ፀሐይ መሐንዲስና የቀን ሠራተኛ አትለይም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያወቅኩት። ውጭ አገር መንገድ ሲጠገን ከሠራተኞቹ ኋላ የሚቆም የጭነት መኪና አለ፤ ባለሙያዎቹ በቋንቋቸው የጥላ መኪና ይሉታል። ከፀሐይ እንዲያስጠልል አይደለም። ሥራው መገጨት ነው። እንቅልፍ የጣለው ወይም ስልክ የሚያይ ሾፌር ከመስመሩ ሲወጣ ሰው ከመግጨቱ በፊት እሱን እንዲገጭ ታስቦ ነው የሚቆመው። እኛ ደግሞ ሥሩ እንተኛ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቀን ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ዛሬ ስለዚህ መኪና ልጽፍ ነው። በተለይ ከኋላው ስለሚታሰረው ነገር። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ከደንገጎ በታች ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ጉድጓድ እየደፈንን ነበር። ዘጠኝ ነን። ከኋላችን፣ መኪና በሚወርድበት በኩል፣ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ቆሟል። ማንም አዝዞን አይደለም። ባንዲራ የሚይዙት ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባ ባንዲራ የምንላቸው፣ "ጀርባዬን ለሾፌር አልሰጥም፤ መኪና አቁሙልኝ" ብለው አስቁመውት ነው። ከገልባጩ ኋላ ሃያ እርምጃ ላይ ሦስት ድንጋይና አንድ የግራር ቅርንጫፍ። ምልክታችን ይኼው ነበር። ያሠራን የነበረው ተቋራጭ ኮን እንዲያመጣ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር፤ አልመጣም።

ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ መጣ። ክላክስ ሰማን፤ ቀጥሎ የፍሬን ሲጥሲጥታ። ከዚያ ግጭቱ። ከሁሉም የማልረሳው ድምፁ ማጠሩን ነው፤ ሰው በር በኃይል የዘጋ ያህል። ገልባጩ ትንሽ ተገፍቶ ቆመ። እግዚአብሔር ሲል ያን ሰዓት ከሥሩ የተኛ ሰው አልነበረም። ከዘጠኛችን አንዳችንም አልተነካንም።

አይሱዙ ግን ኮፈኖ የለውም። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከፓራውልቱ ቀጥሎ ያለው የሰው እግር ነው። ሾፌሩ በመሪው በኩል ትንሽ ክፍተት አግኝቶ ተረፈ። ረዳቱ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጣ። የ19 ዓመት ልጅ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሁሉም ሰው አንዱ ተመስገን፣ ሌላው አልሃምዱሊላህ ይላል። ገልባጩ አዳነን ይባላል። እውነት ነው፣ አድኖናል። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኛን ያዳነው ያ ብረት ነው የልጁን እግር የወሰደው። ለእኛ ጋሻ፣ ለእሱ ግድግዳ። ልጁ ደግሞ አልነዳም፤ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሁለታችንንም የሚያድን ነገር የለም ወይ? ይህቺ ጥያቄ ናት ለዓመታት ስታስነብበኝ የኖረችው።

ነገሩ አለ። ባለሙያዎቹ ትራክ ማውንትድ አቴኑዌተር ይሉታል፤ ባጭሩ ቲኤምኤ። እኔ የግጭት ትራስ እለዋለሁ፤ የሚሠራው ትራስ የሚሠራውን ነውና። ከጭነት መኪናው ሻንሲ ኋላ የሚታሰር ረጅም ሳጥን መሳይ ነገር ነው። በጉዞ ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሥራ ቦታ ሲደርስ እንደ ምላስ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ጀርባው ላይ ቢጫና ጥቁር ሰያፍ መስመር ተቀብቶበታል። አንዳንዱ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተሰደረ ስስ አልሙኒየም ነው። ሌላው ሲገፋ የሚቀደድ ወይም የሚታጠፍ የብረት ቱቦ አለው። መኪና ሲገጨው ይጨማደዳል፣ ይሰባበራል። መሰባበሩ ነው ሥራው፤ እሱ በተሰበረ ቁጥር የሰው አጥንት ይተርፋል።

ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ከካሶኒ ላይ የሚዘል ረዳት ተመልከቱ። ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚያርፈው። እግሩን ገትሮ ቢያርፍ አጥንቱ ይሰነጠቃል። ከፍታው ያው፣ ክብደቱ ያው፤ ልዩነቱ የሚቆምበት ርቀት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግድግዳ ሲመታ ከ39 ሜትር ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው፤ 13 ፎቅ በሉት። ያ መኪና በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ውስጡ ያለው ሰው ላይ የሚያርፈው ጫና በአማካይ የገዛ ክብደቱን 79 እጥፍ ነው። በ4 ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ወደ 10 እጥፍ ይወርዳል። 10 እጥፍ ያማል፣ ያስደነግጣል። ግን ሰው ከዚያ ወርዶ ሊሄድ ይችላል።

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ማንኛውም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከባዱ ትራሱ ወረቀት ላይ እንደተባለው ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚመልስ ሂሳብ የለም። መግጨት ያስፈልጋል፤ ሆን ብሎ፣ እውነተኛ መኪና፣ በእውነተኛ ፍጥነት።

ቴክሳስ ውስጥ ብራያን ከምትባል ከተማ አጠገብ የድሮ የአየር ኃይል ማረፊያ አለ። አሁን የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ኢንስቲትዩት መኪና የሚያጋጭበት ሜዳ ሆኗል። ነብራስካ፣ ሊንከን ውስጥም ተመሳሳይ ቦታ አለ። ቪዲዮዎቻቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። መኪናው ሾፌር የለውም። በብረት ገመድ እየተጎተተ ፍጥነት ይይዛል፤ እንዳይስት መንገዱን የሚያስይዘው ሌላ ገመድ አለ። ልክ ከመጋጨቱ በፊት ከሁሉም ይለቀቃል። ስለዚህ ትራሱን ሲመታ ነፃ ነው፤ መሪ የሚይዝለት የለም፣ ፍሬን የሚረግጥለት የለም። ወገቡ ላይ የተገጠመ መሣሪያ እያንዳንዷን ንዝረት ይመዘግባል። በሰከንድ ብዙ መቶ ምስል የሚያነሱ ካሜራዎች ከላይም ከጎንም ያያሉ። እኔ በአጭር ድምፅ የሰማሁትን ነገር እነሱ ዘርግተው ያዩታል።

አሁን ልቤን የገዛው ክፍል ጋ ደረስኩ። አሜሪካኖቹ ማሽ የሚሉት የሙከራ መመሪያ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፣ በ2016 ተሻሻለ። ከሱ በፊት የ1993ቱ ሪፖርት 350 ነበር። አንድ ትራስ ለፈጣን መንገድ ብቁ ነው ለመባል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መፈተን አለበት፤ ፍጥነቱ ዝቅ ላለ መንገድ ደግሞ በ70። የሚገጩት መኪኖች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ 1100 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪና፣ 1500 ኪሎ የቤት መኪና፣ 2270 ኪሎ ፒካፕ።

ለምን ሦስት? መጀመሪያ ከባዱን ቢችል ቀላሉን ይችላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ትራሱ ለከባዱ ፒካፕ ሲባል ጠንከር ካለ ለትንሿ መኪና ግድግዳ ይሆንባታል፤ ትጋጫለች እንጂ አትጨፈልቀውም፣ ሰውየው ውስጥ ያልቃል። ለትንሿ ሲባል ከለሰለሰ ደግሞ ፒካፑ እስከ መጨረሻው ጨፍልቆት አልፎ የጭነት መኪናውን ብረት ይመታል። ስለዚህ የሚሠሩት ፊቱን ለስላሳ፣ ኋላውን ጠንካራ አድርገው ነው፤ ትንሿ ለስላሳው ላይ ትቆማለች፣ ትልቁ ለስላሳውን አልፎ ጠንካራው ላይ ይቆማል። የመካከለኛዋ ነገርስ? እሷ ለስላሳውን ጨርሳ፣ ገና ፍጥነቷ ሳይበርድ ጠንካራው ላይ ልትደርስ ትችላለች። ለዚህ ነው የ1500 ኪሎዋ መኪና ፈተና ለብቻው የተጨመረው። ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ሁሉም አስቧል ማለት ነው፤ በደሃዋ ትንሽ መኪና ስለሚመጣውም፣ በትልቁ ስለሚመጣውም፣ በመሃል ስለቀረውም።

ሌላም አለ። እንቅልፍ የጣለው ሾፌር መሃል ለመሃል አይገጭም። ስለዚህ ፒካፑን ወደ አንድ ጎን አድርገው ያጋጩታል፤ እንደገና ደግሞ በ10 ዲግሪ አጣመው። መሃሉ ላይ ጎበዝ የሆነ ትራስ ጠርዙ ሲመታ መኪናውን ወርውሮ ሊገለብጠው ይችላልና።

ከዚያ ዋናው ነገር። ፈተናውን ማለፍ ማለት የጭነት መኪናው ተረፈ ማለት አይደለም። የሚለካው በዋናነት የገጨው ሰው ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ያስባሉ። መኪናው ድንገት ሲቀንስ ሰውየው ወደፊት ይሄዳል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ክሩስኮቱን ይመታል። ሲመታ ያለው ፍጥነት በሰከንድ ከ12.2 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ጫና ደግሞ ከመሬት ስበት 20.49 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ቁጥሮቹን እርሷቸው ካላችሁ እርሷቸው። "ቀበቶ ያላሰረ ሰው" የምትለዋን ግን አትርሱ። እነዚህ ሰዎች ያጠፋውን፣ ቀበቶ ያላሰረውን፣ ተኝቶ የመጣውን ሰው ነው ለማዳን የሚደክሙት። እኛ ጋ ሰው ሲጋጭ መጀመሪያ የምንለው "የማን ጥፋት ነው?" ነው። የእነሱ ፈተና ወረቀት ላይ ይህ ጥያቄ የለም።

ስለ ጭነት መኪናው ራሱ ትንሽ ልበል። በጣም ቀላል ከሆነ ሲገጭ ወደፊት ተተኩሶ የሚጠብቃቸውን ሠራተኞች ይጨፈልቃል። ለምሳሌ ፍሬኑ ያልተያዘ 9 ቶን መኪና በ100 የመጣ ባለ 2270 ኪሎ ፒካፕ ቢመታው ሁለቱም ተያይዘው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ይነጉዳሉ። ለዚህ ነው ፍሬን ተይዞ፣ ከሠራተኞቹም ራቅ ብሎ የሚቆመው። ከመጠን በላይ ከባድ ከሆነ ደግሞ አይነቃነቅምና የገጨው ላይ ይበረታል። የኛ ገልባጭ አፉ ድረስ ድንጋይ ነበረበት፤ ያውም ያልታሰረ ድንጋይ። ሲገጭ አንዱ ተፈናጥሮ ቢመጣስ? ሲጫን ሳየው ያኔ አልታየኝም።

የጭነት መኪናው ሾፌርስ? እሱም ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ኋላውን እያየ የሚመጣበትን ይጠብቃል። ይህ ያሳሰባቸው የኮሎራዶ መንገድ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሾፌር የሌለው የጥላ መኪና አሳዩ፤ ፊት ያለውን መኪና በራሱ እየተከተለ ይሄዳል። ሰው መቀመጫው ላይ ከሌለ የሚጎዳም የለም። እኛ ጋ ይህ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ነው። ግን ሲቆም ሾፌሩን "ውረድ፣ ራቅ ብለህ ቁም" ማለት ዛሬ ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከነገሩ መነሻዎች አንዱ ደግሞ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ ለ ማን የተባለው የመኪና ውድድር ላይ አንድ ተወዳዳሪ መኪና ተመልካቹ መሃል ገብቶ ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ሾፌሩም ሞተ። በዚያ መኪና ተራ ደርሶት ሊነዳ ሲጠባበቅ የነበረው ጆን ፊች የሚባል አሜሪካዊ ነው። ፊች ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ለደህንነት ሰጠ። አሸዋ የተሞሉ የፕላስቲክ በርሜሎችን መኪና በሚመታበት ቦታ ደረደረ፤ ከፊት ያሉት 90 ኪሎ ገደማ አሸዋ፣ ከኋላ ያሉት እስከ 950 ኪሎ። መኪናው በርሜሉን ሲሰብር ፍጥነቱን ለአሸዋው እያካፈለ ይበርዳል። ቴክሳሶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ባዶ የብረት በርሜል ክዳኑንና ቂጡን በስተው፣ አዳክመው፣ አሰልፈው ሞከሩ። በኋላ በርሜሎቹን ተጎታች ላይ ጭነው ከሥራ መኪና ኋላ አሰሩ። የዛሬዎቹ ትራሶች የዚያ ልጆች ናቸው።

አሸዋና በርሜል! የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ። በርሜል ደግሞ ቀፊራ ገበያ ሄደህ ጠይቅ። መጀመሪያ ሳነብ ልቤ ዘለለ፤ እኛ ራሳችን እንሠራዋለን አልኩ። ከዚያ በየመንገድ ሥራው የምናቆማቸው ቀይና ነጭ የተቀቡ በርሜሎች ትዝ አሉኝ። ብረት ናቸው፤ ውስጣቸው ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ነው፤ እንዳይሰረቁና ንፋስ እንዳይጥላቸው ተብሎ። የፊች በርሜል ፕላስቲክ ነው፤ እንዲሰበር ነው የተሠራው። የኛ በርሜል እንዳይሰበር ነው የተሞላው። ከውጭ ሲያዩት ያው በርሜል ነው። በ80 ለመጣ ሾፌር ግን አንዱ ዕድል ነው፣ ሌላው መቃብር። ሳይገጩ የማይታወቀው ለዚህ ነው። ቅርጹን ብቻ መቅዳት ሰው ይገድላል።

ድንጋዩም እንደዚሁ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጥላል። ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ ይቀራል። ማታ የሚመጣው ሰው ያገኘዋል። አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣን ስንት ቀን ተከራክረናል። "አቦ ተይኝ እንግዲህ" ይሉኛል፤ "ሦስት ማዕዘኑን አቁሜ ዞር ስል ይሰረቃል። ድንጋይ ማን ይሰርቃል?" እውነታቸውን ነው። "ጋሼ፣ ሲሄዱስ ያነሱታል?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ብርጭቋቸውን አሽከረከሩ። "ቸኩለን እንሄዳለን" አሉ በመጨረሻ።

እሳቸው ናቸው ደግሞ ትልቁን ጥያቄ የጠየቁኝ። ቪዲዮውን አሳየኋቸው፤ ፒካፑ ትራሱን ሲገጭ፣ ትራሱ ሲጨማደድ፣ ሲቆም። በጥሞና አዩት። "ጥሩ ነው" አሉ። "የኔን ተሳቢ ግን ይችለዋል?"

አይችለውም። ልሸፍነው አልፈልግም። ጭነት የያዘ ባለ 40 ቶን ተሳቢ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲመጣ የያዘው ጉልበት በ100 ከሚመጣው ፒካፕ 11 እጥፍ ይበልጣል። በነዚህ ፈተናዎች የሚገጨው ትልቁ 2270 ኪሎ ነው። ከድሬዳዋ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ላይ ደግሞ የሚመላለሰው በአብዛኛው ተሳቢና ቦቴ ነው። ከተማ ውስጥም ያለን ዶልፊንና አባዱላ፣ አይሱዙና ባጃጅ ነው። የአሜሪካ ፒካፕ ረጅም ኮፈኖ አለው፤ የኛ አይሱዙ የለውም። ስለዚህ ያንን ትራስ አምጥተን ብንሰቅለው ሁሉም ይድናል የሚል ሰው እንዳያታልላችሁ። እነሱ ለራሳቸው መንገድ ነው የፈተኑት። በነሱም አገር መኪናው እየከበደ ሲሄድ የፈተናው መኪና አብሮ ከብዷል፤ በ1993ቱ መመሪያ ትንሿ 820 ኪሎ፣ ፒካፑ 2000 ኪሎ ነበሩ። መንገድ ላይ ያለውን አይተው ነው ፈተናውን የሚያስተካክሉት። ከእነሱ መቅዳት የምፈልገው ከሁሉ በፊት ይህንን ነው።

ስለዚያ አይሱዙ ግን ሂሳብ ሠርቻለሁ። ጭነቱን ጨምሮ 5 ቶን ቢሆን፣ ፍሬን ይዞ በ70 ቢመታን፣ ጉልበቱ በ100 ከሚመጣው የፈተና ፒካፕ ጋር ይቀራረባል፤ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ማለትም ትራሱ አብዛኛውን ሊበላለት በሚችለው ክልል ነበር። እግሩ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግን ግድግዳ አይጠብቀውም ነበር።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ነገ ትራሱ ቢመጣ፣ አንድ ቀን ተገጭቶ ቢጨማደድ፣ ላሜራ ቤት ወስደን ቀጥቅጠን፣ ቀለም ቀብተን እንመልሰዋለን ብዬ እፈራለሁ። የድሬ ላሜራ ሠራተኛ እጁ ወርቅ ነው፤ ያለቀለት በር አዲስ ያስመስላል። ትራስ ግን እንደዚያ አይሆንም። አንዴ የታጠፈ ብረት እንደ መጀመሪያው አይታጠፍም። የተገጨው ክፍል ተጥሎ አዲስ ነው የሚገባው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ብቻ አይጠይቅ፤ በ70 ነው የተፈተነው ወይስ በ100፣ ለምን ያህል ክብደት መኪና ኋላ፣ የፈተና ሪፖርቱ የታለ፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል ብሎ ይጠይቅ።

እስኪመጣ ደግሞ ዝም አንበል። ተሳቢ ትራስ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፤ ከሩቅ ማወቅ አለበት። ሃያ እርምጃ ላይ ሦስት ድንጋይ ምልክት አይደለም። ከቁልቁለቱ በፊት፣ ከመታጠፊያው በፊት፣ ሾፌሩ ማርሽ ቀይሮ ለመብረድ ጊዜ በሚያገኝበት ርቀት ምልክት ይቁም። የሚቆመው መኪና ላይ ያልታሰረ ድንጋይ አይኑር፤ ሥሩም ሰው አይተኛ። ለሠራተኛው ጥላ ሌላ ቦታ ይሠራለት፤ ሸራና አራት እንጨት ማለት እኮ ነው። በኋላ በሠራሁበት ቦታ ይህቺን ሸራ ለማስገዛት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ግን ተገዛች። አባ ባንዲራ መጀመሪያ ሥሯ ሲቀመጡ "አሁን ሰው ሆንን" አሉ።

ያ ረዳት ዛሬ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው፤ የስልክ ካርድ፣ ብስኩት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሸጣል። አልፎ አልፎ ጎራ እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኑን ማየት ይከብደኝ ነበር፤ እሱ ነው ያቀለለልኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኬን አውጥቼ "አንድ ነገር ላሳይህ፣ ካልፈለግክ ግን ተወው" አልኩት። "አሳዪኝ" አለ። የትንሿን መኪና ፈተና ከፈትኩለት። መጣች፣ መታች፣ ትራሱ እጥፍጥፍ አለ፣ ቆመች። ብናኙ ወረደ።

"ውስጥ ማን አለ?" አለኝ።

"ሰው አይደለም፣ አሻንጉሊት ነው። ሰው የሚያክል።"

"እግሩስ?"

ካሜራው ወደ ውስጥ የሚያሳይበት ቦታ ላይ አቆምኩለት። አሻንጉሊቱ መቀመጫው ላይ ነው፤ ሁለት ጉልበቱ ክሩስኮቱ ሥር እንዳለ አለ። አንድ ደንበኛ ውሃ ጠየቀ፤ ሳያየው አቀበለው። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ፊቱ አስጠጋው።

"እህቴ፣ መልሺልኝ እስቲ ከመጀመሪያው" አለ።